አባቴ የሠራው አንኳኪ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኛቦል ከቴክኒክ ኮሌጅ የተሰጣትን ሥራ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግታ የብየዳ ካውያዋን ሰካች። ከጓዳ ስወጣ ሽታው ተቀበለኝ፤ እርሳስ ሲቀልጥ አብሮት የሚጨሰው የሙጫ ሽታ። ጉሮሮ ይቆነጥጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል።

"ምንድን ነው የምትሠሪው?" አልኳት።

"ፐልስ ጄኔሬተር ነው ባባ። ጠቅ ጠቅ የሚል ምልክት ያወጣል። ፍጥነቱን በእጅ ታስተካክላለህ። ምልክቱን የተበላሸ ዕቃ ውስጥ ትከትና የት ጋ እንደሚጠፋ ትፈልጋለህ።"

"የተበላሸው ዕቃ የታለ?"

"የምን የተበላሸ ዕቃ?"

"የምትመረምሪው ነዋ።"

"ኧረ ለማርክ ነው!" ብላ ሳቀች።

ተቆጣሁ። የሚመረመር ሳይኖር የሚሠራ መመርመሪያ መጫወቻ ነው አልኳት። ልጆቼ ቁጣዬን ለምደውታል፤ እንደ ክረምት ነጎድጓድ እስኪያልፍ ይጠብቁታል። ኛቦል ግን ቀና ብላ፣ "አንተ መጀመሪያ ያየኸውስ ለማን ነበር የተሠራው?" አለችኝ። ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። መልሱ አጭር ስላልሆነ ይኸው እጽፈዋለሁ።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ያልቆየችበት ክረምት ነው። እኛ የምንኖረው ኒውላንድ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች "ክልል መጣልን" ሲሉ እሰማ ስለነበር፣ ክልል በመኪና የሚመጣ ነገር መሰለኝና ከሰፈር ልጆች ጋር ልንቀበለው ባሮ ድልድይ ድረስ ሄድን። ፀሐይ አናታችንን እስኪበሳው ቆምን። ጣውላ የጫነ መኪና አለፈ። ከዚያ ፍየሎች አለፉ። ከእኛ አንዱ፣ ዞር ስንል አምልጦን ይሆናል አለ፤ እውነት ነው ብለን ተመለስን። ቤት ስደርስ ለአባቴ ነገርኩት። ጎረቤታችን ዴንግ አጠገቡ ተቀምጦ ነበርና ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

"ምን እንደሆነ የማታውቀውን ነገር ለመቀበል አትሩጥ" አለኝ። "መጀመሪያ ጠይቅ። ከዚያ ትደሰታለህ ወይም ታዝናለህ።"

አባቴ ቾል እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በድሮው መንግሥት ጊዜ በአንድ የእርሻ ድርጅት ወርክሾፕ የጋሽ ታደሰ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ጋሽ ታደሰ ከደጋ የመጡ ቴክኒሺያን ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ የወርክሾፑም ዕቃ እስከ በሩ ማጠፊያ ድረስ ተነቅሎ አለቀ። ለአባቴ የቀረው ሽፋኑ የተገነጠለ የሬዲዮ ጥገና መጽሐፍና በዓይኑ የያዘው ነገር ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር። እሱ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ ስለ ፍጥረት እንጂ ስለ ትራንዚስተር አልተማረም። ሥዕሎቹን በጣቱ እየተከተለ፣ ደጋግሞ እየተሳሳተ ቻለው። ገበያው ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሰው ሬዲዮ ይጠግን ነበር።

እናቴ ወላጅ እናቷን እኛ ግቢ ውስጥ ታኖር ነበር። አያታችንን በቋንቋችን ማንዶንግ እንላታለን። በእኛ በኑዌሮች ዘንድ አንድ ሰው አማቱን ያፍራል። ፊት ለፊቷ አይበላም፣ ራቁቱን አታየውም፣ በመንገድ ብትመጣ መንገዱን ይለውጣል። ብዙ ሰው ልጅ ሲወልድ ይህን ያላላዋል። ከተማ የገባ ደግሞ ጭራሽ ይተወዋል። አባቴ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፣ ብዙ የድሮ ነገር ትቷል፤ ይህችን ግን አልተዋትም። "የሚላላ አክብሮት ከመጀመሪያውም አልነበረም ማለት ነው" ይል ነበር። አማትና አማች በአንድ ግቢ መኖራቸው ራሱ ልማድ አልነበረም፤ ያመጣው ከድንበሩ ማዶ ያለው ጦርነት ነው። ስለዚህ የማንዶንግ ጎጆ ከግቢው ጥግ፣ በሩ ወደ አጥሩ ዞሮ ተሠራ። ሁለቱ ሲነጋገሩ መልእክት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን የጎጆዋ ጣሪያ አፈሰሰ። እናቴ አባቴን፣ "ሰው እስክናገኝ አንተ ገብተህ ብታየውስ?" አለችው።

"በዚያ በር የምገባው ሞት ሲያስገባኝ ነው" አለ።

ይህን ለማንዶንግ ነገርኳት። ታችኛው መንጋጋዋ ላይ በልጅነቷ እንደ ልማዱ የተነቀሉት ጥርሶቿ ቦታ እስኪታይ ሳቀች። "እውነቱን ነው። ቾል እዚህ የገባ ዕለት እኔ በሰሌን ተጠቅልያለሁ። እስከዚያ ጣሪያዬ ያፍስስ" አለች።

ማንዶንግ አንድ ሬዲዮ ነበራት። የልጇ የቱት ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ኢታንግ መጠለያ የነበረው ስደተኛ ሁሉ ተነቅሎ ወደ ድንበር ሲተም ቱት አብሮ ሄደ። እናቱ መሄድ ስለማትችል እኛ ዘንድ ተዋት። ሬዲዮውን እጇ ላይ አኑሮ፣ "ያለሁበትን በዚህ ትሰሚያለሽ" ብሏት ነበር። ከሰዓት በኋላ በቋንቋችን የሚተላለፍ ፕሮግራም ነበር፤ በጦርነት የተለያዩ ሰዎችን ስም ያነባል። እገሌ የእገሌ ልጅ እዚህ ቦታ አለሁ ይላል፣ እናቱን ይፈልጋል፣ ሚስቱን ይፈልጋል። ማንዶንግ ሬዲዮውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ያን ሁሉ ስም ታዳምጣለች። የቱት ስም አልመጣም።

በዚያ ክረምት መጀመሪያ ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ግድግዳ ግድግዳውን አስቧጠጣት፣ ከዚያ መድኃኒት ተሰጥቷት ተነሣች። ስትነሣ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ከኋላዋ ስጠራት አትመልስልኝም። ተረት ንገሪኝ ስላት ወደ ወንዙ ታያለች። በትኩሳቷ ሰሞን ውኃ ስቀዳላት ቅሏን ሰብሬባት ነበርና፣ በዚያ ተቀይማኛለች አልኩ። ልጅ ነኝ፤ የዓለም ነገር ሁሉ በእኔ የሚጀመር ይመስለኝ ነበር። እንዳትቆጣኝ በሄደችበት አልሄድም፤ ስትቀመጥ እቆማለሁ።

ሬዲዮውም በዚያው ሰሞን ዝም አለ። የሚያፈሰው ጣሪያ ውኃ አጠጥቶት ነው። እናቴ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ብትከትለት እንኳ ትንፍሽ አላለም። አባቴ ወደ ማንጎው ሥር ይምጣልኝ ብሎ ላከኝ።

ማንዶንግ ሬዲዮውን በሁለት እጇ አቀፈች። እናቴ ፊቷ ቁጭ ብላ አፏን ከፍታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አስረዳቻት።

"ከዚህ ቤት አይወጣም" አለች ማንዶንግ። "በወጣበት ሰዓት ቢጠራኝስ?"

"ማማ፣ ተበላሽቷል እኮ! ቢጠራሽም አይሰማም!"

"አይወጣም።"

እንግዲህ ሬዲዮው አይወጣም፣ አባቴ አይገባም። ዴንግ ይህን ሲሰማ፣ "ቾል፣ በቃ ሬዲዮው ሞተ በል። ሁለታችሁ ተከባብራችሁ ገደላችሁት" አለው። አባቴ ሲያስብ የታችኛውን ከንፈሩን ይጎትት ነበር፤ በዚያ ዕለት ሲጎትት ዋለ።

በማግስቱ ከአሮጌ የሳሙና ሳጥን ጣውላ ሰንጥቆ መጣ። ከሞቱ ሬዲዮዎች ሁለት ትራንዚስተር፣ ሁለት ኮንደንሰር፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና አንድ የድምፅ መዞሪያ ነቀለ። መዳፍ የምታህል ድምፅ ማጉያም ነበረችው። ሰፈራችን መብራት ስላልነበረ ካውያው ከሰል ውስጥ የሚግል የመዳብ ዘንግ ነበር። ምስማር አግሎ ጣውላውን በሳሳው፣ የዕቃዎቹን እግሮች አሳልፎ ከሥር በሽቦ አገናኛቸው። እርሳሱ እንዲይዝ ከዛፍ የለቀመውን ሙጫ ይቀባበታል። ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ያ ሽታ ነው፤ እርጥብ መሬት፣ ከሰልና ሙጫ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"አንኳኪ። እኔ ወደማልገባበት ገብቶ የሚያንኳኳ።"

አሠራሩን በጣሪያው ጠፈጠፍ አስረዳኝ። ጠፈጠፉ ሥር ሁለት ቅል አስቀመጠ። "ኮንደንሰር ቅል ነው። ይሞላል። ሲሞላ ገልብጦ ያፈስና ወዲያኛውን ይቀሰቅሰዋል። ያኛውም ተራው ደርሶ ሲሞላ ይህንን ይቀሰቅሰዋል። አንዱ ሲነቃ አንዱ ይተኛል። በተፈራረቁ ቁጥር ጠቅ ይላል። ይህ መዞሪያ የጠፈጠፉ መጠን ነው፤ ስታጠብበው ቅሉ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ስታሰፋው ቶሎ።"

"ተራ ባይጠብቁስ?"

"ተራ የማይጠብቁ ከሆነ ሁለቱም ዝም ይላሉ። በሰውም ዘንድ እንደዚያው ነው።"

መጀመሪያ ድንጋዩን ሲያገናኘው አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። እንደገና አገናኘው፤ አንድ ጊዜ ጠቅ፣ ዝም። ዴንግ ከአጥሩ ማዶ፣ "ሰላም ብሎ ሄደ!" አለ። አባቴ ጣውላውን ገልብጦ ብዙ አየው። በመጨረሻ ሁለቱን ትራንዚስተሮች ጎን ለጎን ይዞ አሳየኝ። መልካቸው አንድ ነው፤ የመጡት ግን ከተለያየ ፋብሪካ ነው፤ የእግራቸው ቅደም ተከተል ይለያያል። እሱ ሁለቱንም እንደ አንዱ ቆጥሮ በይዷቸዋል። "መልኩን አይቼ አወቅኩህ አልኩት" አለ በራሱ ተናዶ። ነቅሎ አዙሮ በየደው።

ከዚያ ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መዞሪያውን ሲያዞረው ፈጠነ፣ እንደ ፍየል ኮቴ ሆነ፣ ከዚያ ተያያዘና እንደ ትንኝ ጮኸ። መልሶ ሲያዞረው ቀስ አለ፤ የደከመው ሰው ጭቃ ውስጥ እንደሚራመደው። አባቴ ፈገግ ሲል አየሁ። በዚያ ክረምት ሌላ ፈገግታ አላስታውስም።

በማንዶንግ ጎጆ ግድግዳ በቀርከሃዎቹ መሀል ቀዳዳ አበጅተን ሁለት ሽቦ አስገባን። አባቴ ከውጭ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ አንኳኪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ውስጥ የሬዲዮውን ጀርባ ፈትቼ ሰሌን ላይ ተንበረከክሁ። አንደኛዋን ሽቦ ድንጋዩ ጋ አሰርኩ። ሌላዋን፣ ጫፏ እንደ መርፌ የሾለውን፣ እንዳዘዘኝ እነካካለሁ። ማንዶንግ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የሬዲዮው ሳጥን ላይ እጇን ጭናለች፤ እንዳይወሰድባት።

"ከአፉ ጀምር!" አለኝ ከውጭ። "ድምፅ ማጉያው ጋ። ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። የሚያንኳኳው እየተሰማ መጥቶ የጠፋበት ቦታ፣ በሽታው እዚያ ነው።"

ነካሁ። ጠቅ ጠቅ አለ።

"ይሰማል!"

"ቀስ ነው ፈጣን?"

"ቀስ።"

"አሁንስ?"

"ፈጠነ።"

"ጎሽ። የኔ ነው ማለት ነው። ሬዲዮው በራሱ ሊንኮሻኮሽ ይችላል፤ እኔ ሳዞረው ካልተለወጠ ግን የኔ አይደለም። ቀጥል።"

ወደ ኋላ ሄድኩ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ከበፊቱ ጎላ ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ከትልቁ ኮንደንሰር ፊት ስነካ ይሰማል፣ ከጀርባው ስነካ ምንም የለም። እንዲያበቃልን ፈልጌ ነበር፤ ጉልበቴ ዝሏል፣ ማንዶንግም ዝምታዋ ያስፈራኛል።

"ይሰማል" አልኩ።

"ቀስ ነው ፈጣን?"

ሽቦዋን ደግሜ ነካሁ፤ ምንም የለም። ከግድግዳው ማዶ አባቴ አልጮኸብኝም። "ቢየል" አለኝ ዝግ ብሎ፣ በስሜ። "ያልሰማኸውን ሰማሁ ካልከኝ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለምንድን ነው?" ዛሬ ልጆቼን የምቆጣበት ቃል ሁሉ ከዚያች የመጣ ነው።

ዝም የሚለውን ኮንደንሰር በጥርሴ ሽቦ ልጬ፣ ሌላ ኮንደንሰርና የጋለ ዘንግ በቀዳዳው እየተቀበልኩ፣ ጣቴን እያቃጠልኩ ቀየርኩት። ከጀርባው ስነካ ጠቅ ጠቅ አለ። ከዚያ አንቴናውን ሳወጣ የሰው ድምፅ ጎጆውን ሞላው። እኔ ዘለልኩ። እናቴ ከደጅ እልል አለች። ማንዶንግ እጇ ሳጥኑ ላይ እንዳለ ፈገግ አለች።

አባቴ ግን አንድን ሥራ ባለቤቱ ካልመሰከረለት አለቀ አይልም። "ሬዲዮው የእሷ ነው። እሷ ትስማ። ጣቢያውን ዝቅ አድርገህ የኔን ምት አስገባና ጠይቃት" አለኝ።

ወደ ፊቷ ዞሬ በእጄ ጭምር አሳየኋት። አባቴ ቀስ ሲያደርገው፣ "ይሄዳል" አለች። ሲያፈጥነው፣ "ይሮጣል" አለች። ትክክል ነበር። እኔ የቱትን እግር የምትሰማ መሰለኝ፤ ሬዲዮው ውስጥ እየመጣ ያለ።

ከዚያ ሬዲዮውን አንሥቼ ከጣሪያው ፍሳሽ ወደ ራቀው መደብ ወሰድኩት። እጇ ባዶ ቀረ።

"አሁንስ?" አለ አባቴ ከውጭ። ፈጣን ነበር።

ጠየቅኋት። ፊቴን አየችው። "ይሄዳል" አለች።

"እንደገና" አለ። በጣም ቀስ አደረገው።

"ይሮጣል።"

ሳቅሁ። ከቅያሜዋ ወጥታ ልትቀልድብኝ የጀመረች መሰለኝ። ከውጭ ሳቅ አልመጣም። ከዚያ አንኳኪው ዝም አለ፤ አባቴ ድንጋዩን ነቅሎታል።

"ጠይቃት።"

"ምንም የለም እኮ ባባ።"

"ጠይቃት።"

ጠየቅኋት። ማንዶንግ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በጥንቃቄ አዳመጠች። "ይሄዳል" አለች። "ቀስ ብሎ ይሄዳል።"

ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። አባቴ፣ "ሬዲዮውን እጇ ላይ መልስላት" አለኝ። ሄዶ ለእናቴ የነገራትን በአጥሩ በኩል ሰማሁ። "ትኩሳቱ ወይ መድኃኒቱ ጆሮዋን ወስዶታል። እስካሁን በመዳፏ ነው ስትሰማ የነበረው።"

እናቴ አለቀሰች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ፤ አልተቀየመችኝም ማለት ነው። ልጅነት እንዲህ ነው፤ የሰው መከራ የራሱ እፎይታ ሆኖ ይመጣለታል።

ዘዴውን ያበጀው አባቴ ነው። ሠርቶ ያልጠገበውን፣ ለገበያ ሥራው የሚያስፈልገውን አንኳኪ በእኔ እጅ ወደ ጎጆው ላከው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ማንዶንግ ትንሿን ድምፅ ማጉያ መዳፏ ላይ ትይዛለች። እኔ ሬዲዮውን አዳምጣለሁ። የቱት ስም ሲነበብ ማብሪያውን እጫናለሁ፤ መዳፏ ላይ ያንኳኳል። "ስሙን እንደሰማህ ወዲያው" አለኝ አባቴ፣ "ሌላ ነገር አትጨምር።" እናቴ በምልክት አስረዳቻት። ማንዶንግ ገባት። ለቅሶም ምስጋናም አላሰማችም፤ መዳፏን ዘረጋች።

ክረምቱ ገፋ። ባሮ ሞላ፤ ውኃው ደፍርሶ ግንድ፣ ሣር፣ አንዳንዴ የሞተ ከብት ይዞ ይወርዳል። ጓደኞቼ ዓሣ ሊያጠምዱ ሲሄዱ እኔ ጎጆ ውስጥ ስም እሰማለሁ። ጎጆው እርጥብ ሰሌንና የፍየል ሽታ ነበረው። አንባቢው ቀዝቃዛ ድምፅ ነበረው፤ ስሞቹን እንደ ዕቃ ይደረድራቸዋል። ማንዶንግ የምታየው የእኔን አውራ ጣት ነው። አንዳንዴ ትንኝ ሲነክሰኝ እጄ ሲንቀሳቀስ ትደነግጥና ቀና ትላለች። ከዚያ መልሳ ትቀመጣለች። ዴንግ በአጥሩ ብቅ ይልና፣ "ቢየል፣ የመንግሥት ሥራ ያዝክ እንዴ?" ይለኛል። በኋላ እሱም መቀለዱን ተወ።

ዝናቡ መቀነስ በጀመረበት ሰሞን ነው። አንባቢው እንደ ወትሮው ሲያነብ፣ "ቱት የኮንግ ልጅ" አለ።

አውራ ጣቴ ከእኔ ቀደመ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ማንዶንግ መዳፏን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ እንደ ወጣት ሴት ብድግ ብላ እልል አለች። ከትኩሳቱ ወዲህ እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። የቱትን የበሬ ስም ጠራች፤ በእኛ ዘንድ ጎረምሳ በሚወደው በሬ ስም ይጠራል። ድምፅ ማጉያዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ያን የበሬ ስም እየዘፈነች በዚያች ጠባብ ጎጆ ውስጥ ዞረች።

አንባቢው ገና አልጨረሰም ነበር። "ከኢታንግ ከወጣው ሕዝብ ጋር ወንዙን ሲሻገር ውኃ ወስዶታል። አብረውት የነበሩ አውጥተው ቀብረውታል። እናቱ ወይም እህቱ በሕይወት ካሉ ይህን ይስሙ።" ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ስም አለፈ።

ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንደ ታዘዝኩት አድርጌያለሁ፤ ራሴን በዚህ ከስሼ አላውቅም፣ አባቴም አልከሰሰኝም። አንኳኪው ግን አንድ ቃል ብቻ ነበረው። መጣ ይላል፤ የመጣው ምን እንደሆነ አይልም። ሁላችንም፣ አባቴም ጭምር፣ ስሙ ከመጣ በደስታ ብቻ እንደሚመጣ አድርገን ነበር ያበጀነው። ሌላውን የተውነው ማሰብ ስላልፈለግን ነው።

ጎረቤቶች እልልታውን ሰምተው እልል እያሉ መጡ። እኔ በመሀላቸው ሾልኬ፣ በጭቃው እየወደቅሁ ማንጎው ሥር ደረስኩ። አባቴ የአንድ ሰው ሬዲዮ ጭኑ ላይ ፈትቷል። ነገርኩት። ሲያደምጥ የታችኛውን ከንፈሩን አልጎተተም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጣሳቸው ውስጥ መለሰ፣ ሬዲዮውን በጨርቅ ሸፈነ፣ ተነሣ። እየሄድን እናቴን ከወንዝ እንድትጠራ አንዲት ልጅ ላከ። እጄን ያዘኝ፤ ይህን አያደርግም ነበር።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዴንግ ሮጦ መጥቶ፣ "ቾል! እንኳን ደስ አለህ! ተገኘ አይደል?" አለው። አባቴ አለፈው። ጎጆው ፊት ቆመ። የሸሚዙን ቁልፎች ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ። ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በዚያ በር ገባ።

ከኋላው ያሉት ሴቶች እልልታቸው መሀል ላይ ተቋረጠ። እንዲህ ያለ ሰው በእንዲህ ያለ በር ለምን እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል።

ማንዶንግ ጀርባዋን ሰጥታ ስትዘፍን ነበር። ብርሃኑን ሲከልለው ዞረች። በዚያ ሁሉ ዓመት ፊቱን በቅርብ አይታው አታውቅም። እጇ ፊቷን ለመሸፈን ግማሽ መንገድ ተነሣ፣ ቆመ። ዘፈኑ አፏ ውስጥ ቀረ።

"ቾል" አለች። በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ገባህ?"

አባቴ ሰሌኑ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። "ገባሁ፣ እናቴ" አለ። እንደማትሰማው ያውቃል። ዓይኑን ግን አልሰበረም።

ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ለቅሶው ውጭ ጀምሯል፣ እናቴ ደርሳለች። ማንዶንግ መዳፏን ከፍታ ተመለከተች። ድምፅ ማጉያዋ አሁንም እዚያ ናት፤ አሁንም ታንኳኳለች፤ ማናችንም አላጠፋናትም። አባቴ እጁን ሰድዶ ማብሪያውን ሊነካ ሲል በሌላ እጇ ያዘችው። የአማቿን እጅ። ከዚያ ራሷ መዞሪያውን አገኘችና ወደ ኋላ አዞረችው።

ሩጫው እርምጃ ሆነ። እርምጃው ዘገየ። በሁለት ምት መሀል ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ፣ ሌላ አይመጣም ስል አንድ ይመጣል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ፤ እሷ በመዳፏ፤ አባቴ አንገቱን ደፍቶ። መዞሪያው እስከ መጨረሻው ደርሶ አልዞር ሲላት ጣቷን ከላዩ አነሣች። አላጠፋችውም። ድንጋዩ እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው፣ እጅግ ቀስ ብሎ እየሄደ፣ ሦስታችንም ተቀመጥን።